ጥሩ የተሞላ ጥይት በምን ይታወቃል?

በቤቱ ጥይት የሚሞላ ሰው «እስቲ ሥራህን አሳየኝ» ሲሉት ቀድሞ የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ ወረቀት ነው፤ ሦስት ቀዳዳ ተጠጋግቶ የሚታይበት የኢላማ ወረቀት። ወረቀቱን አይተው «ጎበዝ» ይበሉትና ወደ ጎን ያኑሩት። ቀጥለው የተኮሳቸውን ባዶ ቀለሃዎች እንዲያመጣ ይጠይቁት። ሦስት ጥይት በዕድልም አንድ ቦታ ሊያርፍ ይችላል። ቀለሃ ግን ምን እንደደረሰበትና የሞላው ሰው ምን ዓይነት እጅ እንዳለው በገላው ላይ ይዞ ይመጣል። አንድ ሳጥን ቀለሃ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በደንብ ያየ ሰው ስለ ሠሪው ሌላ ምስክር አያስፈልገውም።

ይህ ሙያ ሥር የሰደደው አሜሪካ ውስጥ ነው። «ሪሎዲንግ» ይሉታል፤ የተተኮሰን ቀለሃ አጽድቶ፣ ወደ ልኩ መልሶ፣ አዲስ ፕራይመር፣ አዲስ ባሩድና አዲስ አረር ማግባት ማለት ነው። ጆን ባርሎው በ1884 አይዲያል የተባለውን ኩባንያ ሲያቋቁም የሚሸጠው ፒንሳ የሚመስል፣ በእጅ እየተጨበጠ የሚሠራ የመሙያ መሣሪያ ነበር። ሙያው በየጋራዡ የገባው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ብሩስ ሆጅደን ከጦሩ የተረፈ ባሩድ ገዝቶ መቸርቸር ጀመረ፤ ጆይስ ሆርናዲ በ1949 በነብራስካ የአረር ፋብሪካውን ከፈተ፤ ፍሬድ ሀንቲንግተን በ1943 በካሊፎርኒያ የጀመረው አርሲቢኤስም ዛሬ በብዙ ሰው ጠረጴዛ ላይ የታሰረውን አረንጓዴ ፕሬስ፣ ማለትም የመሙያ መጭመቂያ፣ ይሠራል። በፌዴራል ሕግ ለራስ የሚሆን ጥይት ለመሙላት ፈቃድ አያስፈልግም፤ ሞልቶ መሸጥ ግን ፈቃድ የሚጠይቅ ንግድ ነው። ክፍለ ግዛቶች የራሳቸው ደንብ ስላላቸው የሚኖሩበትን አስቀድመው ይጠይቁ።

አዲስ ጀማሪ ሁሉ «ገንዘብ ይቆጥባል» ብሎ ይገባበታል። አንድ ጥይት በርካሽ ይወጣለት ይሆናል፤ ግን ብዙ ስለሚተኩስ ኪሱ ውስጥ የሚተርፍ የለም። ሙያው የሚገባው ጠመንጃው የሚወደውን ጥይት ለይቶ ለማወቅ ለሚጓጓ፣ ቁጭ ብሎ አንድን ነገር ደጋግሞ አንድ ዓይነት አድርጎ መሥራት ለማይሰለቸው ሰው ነው።

ከአራቱ የጥይት ክፍሎች ሦስቱ አንዴ ሠርተው ይቀራሉ። ፕራይመሯ ትለኩሳለች፣ ባሩዱ ይነዳል፣ አረሩ ይሄዳል። ተመልሶ የሚመጣው ቀለሃው ብቻ ነው። ሦስቱን ፋብሪካ ስለሚሠራቸው ተኳሹ ሊመሰገንባቸው አይገባም፤ የእሱ ሥራ ያለው ቀለሃው ላይ ነው። የጠመንጃ ቀለሃ ሰባ እጅ መዳብና ሠላሳ እጅ ዚንክ የሆነ ናስ ነው። ሲተኮስ ተለጥጦ የጠመንጃውን መጉረሻ ግድግዳ ይዘጋል፤ ወዲያው መልሶ ይኮማተርና ይወጣል። በ308 ዊንቸስተር ጥይት ውስጥ የሚፈቀደው ከፍተኛ ግፊት በአንድ ካሬ ኢንች 62,000 ፓውንድ ነው። ይህን ሁሉ የሚችለው ያ ስስ ናስ ነው። በተለጠጠና በተጨመቀ ቁጥር ይደርቃል፤ የደረቀ ናስ ደግሞ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ፈተና ለቀማው ነው። ጥሩ ሠሪ ቀለሃውን ምስር በሰፌድ እንደምትለቅም ሴት ይለቅማል፤ የፋብሪካውን ማኅተም ከግርጌው አንብቦ ዓይነቱን ከዓይነቱ ይለያል። የተለያየ ፋብሪካ ቀለሃ ከውጭ አንድ ቢመስልም የግድግዳው ውፍረት ይለያያል። ወፍራሙ ውስጡ ጠባብ ነው፤ በዚያው የባሩድ ልክ ግፊቱ ከፍ ይላል። ፊንላንድ የሚሠራውን የላፑዋን ቀለሃ፣ የወታደር ቀለሃና ከተኩስ ሜዳ የተለቀመ ውራጅ አንድ ሳጥን ውስጥ ካዩ ሌላውን ባይመረምሩም ይሆናል።

እዚሁ ላይ ሁለት ዓይነት ፕራይመር መኖሩን ማወቅ ይጠቅማል። የእንግሊዙ መኮንን ኤድዋርድ ቦክሰርና አሜሪካዊው ሃይረም በርዳን በ1860ዎቹ በየፊናቸው ፈጠሩ። የቦክሰር ቀለሃ ግርጌው መሐል አንድ የእሳት ማለፊያ ቀዳዳ አለው፤ የበርዳን ሁለት ትናንሽ። የቦክሰሩ አሮጌ ፕራይመር በመርፌ ተገፍቶ በቀላሉ ስለሚወጣ አሜሪካ የእንግሊዙን ያዘች፤ የአሜሪካዊው ሥራ ደግሞ በአውሮፓ በሰፊው ገባ። በባትሪ ብርሃን ወደ ቀለሃው ውስጥ ማየት ቀላል ነው። በርዳኑን ሳያይ ዳይ በሚባለው፣ ቀለሃን ወደ ልኩ በሚመልሰው የብረት ቅርጽ ውስጥ ከቶ መርፌ የሰበረ ሰው ቀለሃውን ቀድሞ አልመረመረም ማለት ነው።

ከዚያ ጆሮ ይሥራ። ሦስት አራት ባዶ ቀለሃ በእፍኝ ይዘው ያንቅጫልጩ። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ አንገቱ የተሰነጠቀ ካለ ድምፁ የታፈነ ይሆናል። ስንጥቁ አንዳንዴ ከፀጉር የቀጠነ ነውና በብርሃን አዟዙረው ካላዩ አይገኝም። አንገቱና ትከሻው ላይ ሰማያዊና ቡናማ ጥላ ካዩ ግን አይደንግጡ፤ ናሱ በእሳት እንዲለዝብ የተደረገበት ምልክት ነው፤ ብዙ ጥሩ ቀለሃ ከፋብሪካ ሲወጣም አለው። እንዲያውም በብልጭልጭታ እንዳይታለሉ አደራ እላለሁ። ቀለሃ እንደ መስታወት ማብረቅ ማሽን ውስጥ ረዘም ላለ ሰዓት የመተው ጉዳይ እንጂ ችሎታ አይደለም። ንጹሕ መሆን አለበት፤ አሸዋና ጥቀርሻ ዳዩን ይቧጭራል። አሞኒያ ባለበት የናስ ማጽጃ የጠራ ቀለሃ ግን ምንም ቢያምር መጣል ያለበት ነው፤ አሞኒያ ናስን ከውስጥ ያሰነጥቃል።

አሁን ባለሙያን ከጀማሪ የሚለየው ቦታ ላይ ደረስን። ቀለሃውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይያዙና ከግርጌው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ዙሪያውን ይመልከቱ። ወፍራሙ ግርጌ ወደ ስሱ ገላ የሚሸጋገርበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ ከሌላው ናስ ይልቅ የነጣ፣ ቀጭን ቀለበት የመሰለ መስመር ሊኖር ይችላል። አንዳንዱ የዳዩ አሻራ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ግን ናሱ ተስቦ ከውስጥ የሳሳበት ነው። በዓይን አይለይም። የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ቀጥ ያድርጉና ጫፉን ትንሽ ወደ ጎን አጥፈው ያሹሉት። ወደ ቀለሃው ውስጥ አስገብተው ከታች ወደ ላይ ግድግዳውን ቀስ ብለው ይቧጥጡ። ለስላሳ ሆኖ ከመጣ ደህና ነው። ጫፉ አንድ ቦይ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ከያዘ፣ ያ ቀለሃ በሚቀጥለው ወይም ከዚያ በኋላ ባለው ተኩስ ለሁለት ሊቆረጥ ይችላል። ግማሹ መጉረሻው ውስጥ ይቀራል፤ የጋለ ጋዝም ወደ ተኳሹ ፊት ሊወጣ ይችላል።

የዚህ ጉዳት ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የሠሪው እጅ ነው። ዳዩን ከሚገባው በላይ አጥብቆ የቀለሃውን ትከሻ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ቀለሃው ለመጉረሻው ያጥራል፤ ሲተኮስ ክፍተቱን ለመሙላት ይሳባል፤ የሚሳበውም ከግርጌው በላይ ያለው ናስ ነው። በእጅ በሚቀባበል ጠመንጃ ትከሻው ከአንድ እስከ ሁለት ሺሕኛ ኢንች ወደ ኋላ ቢመለስ ይበቃል። በመለኪያ እየለካ የሚሠራ ሰው ቀለሃው ብዙ ዙር ይቆይለታል፤ ዳዩን እስከ ታች ጠምዝዞ «ገባ» የሚል ሰው ቀለሃው ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ «ይህ ቀለሃ ስንት ጊዜ ተተኩሷል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን ከመዝገብ አንብቦ የሚነግርዎ ሰው መልካም ሠሪ ነው። «ኧረ ብዙ ጊዜ» ካለ ሽቦውን ያውጡ።

የጣለውንም ማየት አለብዎ። እኔ የአንድን ሰው ሥራ ስመዝን ከሞላው ሳጥን ይልቅ የውድቅ ቆርቆሮውን አምናለሁ። ጥሩ ሠሪ ያጠራጠረውን ሁሉ ይጥላል፤ ሲጥልም ነገ ተሳስቶ እንዳያነሳው አንገቱን በፒንሳ ጨፍልቆ ነው። የጣለው የሌለው ሠሪ ያልመረመረ ሠሪ ነው።

ትከሻው ላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ጠባሳ ካዩ ወደ ዳይ ሲገባ የተቀባው ዘይት በዝቶ ነው። ዳዩ ውስጥ የሚወጣበት ያጣ ዘይት ናሱን ያጎደጉደዋል። አደጋ የለውም፤ የቸኮለ ሰው ምልክት ነው። የአንገቱን አፍ ግን በጣትዎ ይዳስሱት። ቀለሃ በተተኮሰና በተሞላ ቁጥር ስለሚረዝም ይከረከማል። የ308 ርዝመት ከ51.18 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ የአንገቱ አፍ መጉረሻው ጫፍ ላይ ይጨመቅና አረሩን ቆልፎ ይይዘዋል፤ ግፊቱም በአደገኛ ሁኔታ ይጨምራል። ከተከረከመ በኋላ ጠርዙ ከውስጥም ከውጭም መሞረድ አለበት። በአግባቡ የተሞረደ አፍ አይቧጭርም፤ ካልተሞረደ ጥፍር ይይዛል፤ አረሩ ሲገባም መዳቡን ይልጠዋል። በተሞላ ጥይት አንገት ዙሪያ የተላጠ መዳብ ካዩ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ፕራይመርን ለመመዘን ጣት ይበቃል። የተሞላውን ጥይት ገልብጠው አውራ ጣትዎን በግርጌው ላይ ያሳልፉ። ፕራይመሯ ከግርጌው ትንሽ ዝቅ ብላ ልትሰማዎ ይገባል። ከፍ ብላ ከተሰማዎ ያ ጥይት አይተኮስም። ወይ የጠመንጃው መርፌ ሲመታት ጉልበቱ እሷን ወደ ቦታዋ በመግፋት ያልቅና ትከሽፋለች፣ ወይም በራሱ በሚያጎርስ መሣሪያ ላይ ማቀባበያው ገና ሳይቆለፍ ልትነሳ ትችላለች። ሃምሳውንም ጥይት አንድ በአንድ መዳሰስ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ የማያደርገው ሰው ግን ብዙ ነው።

የባሩዱ ሥራ ጥይቱ ከተዘጋ በኋላ ስለማይታይ እዚህ ላይ የሚመዘነው የሰውየው አሠራር ነው። ሲሠራ አጠገቡ ይቀመጡ። ጠረጴዛው ላይ ስንት የባሩድ ጣሳ አለ? አንድ ብቻ መሆን አለበት። ባሩዶች በመልክ ይመሳሰላሉ፤ በመቃጠል ፍጥነታቸው ግን በጣም ይለያያሉ። ለሽጉጥ የሚሆነውን ፈጣን ባሩድ በስህተት ጠመንጃ ቀለሃ ውስጥ የጨመረ ሰው ጠመንጃውን ያፈነዳል፤ እጁንም ሊያጣ ይችላል። ሚዛኑን ከመጀመሩ በፊት በታወቀ መዘኛ ፈትኖታል? የባሩድ መለኪያው ግሬን ነው፤ ሰባት ሺሕ ግሬን አንድ ፓውንድ ይሆናል፤ አንድ ግሬን ከግራም አንድ አሥረኛ ያነሰ ነው። በእንዲህ ያለ ልክ የሚሠራ ሚዛን የአየር ማራገቢያ ንፋስ እንኳ ያሳስተዋል።

ከሁሉ በላይ የምወደው ትዕይንት ይህ ነው፤ ሃምሳ ቀለሃ ባሩድ ጠጥቶ፣ አረር ሳይገባበት፣ በእንጨት ገበታ ላይ ቆሟል። ሠሪው ባትሪ አብርቶ ከላይ ወደ እያንዳንዱ አፍ ያያል፤ ረድፍ በረድፍ፣ ሳይዘል። የባሩዱ ከፍታ በሁሉም አንድ መሆን አለበት። አንዱ ጎድሎ ወይም ሞልቶ ከታየው እሱን ብቻ አይደለም የሚደፋው፤ ምክንያቱን እስኪያውቅ ሥራውን ያቆማል። ባዶ ያለፈ ጥይት ቀላል ጉዳት እንዳይመስልዎ። የፕራይመሯ ጉልበት ብቻውን አረሩን አፈሙዙ ውስጥ ሊሰነቅረው ይችላል፤ ቀጣዩ ጥይት ሲተኮስበት አፈሙዙ ሊቀደድ ይችላል።

የባሩድ ልክ ከየት አመጣ? መልሱ አንድ ነው፤ ከታተመ መመሪያ መጽሐፍ። ላይማን፣ ሆርናዲ፣ ሲዬራና ሆጅደን ለየአረሩና ለየባሩዱ የመነሻና የመጨረሻ ልክ ያሳትማሉ። አዋቂ ሰው ከመነሻው ይጀምርና ቀስ እያለ ይወጣል፤ የባሩዱ፣ የፕራይመሩ ወይም የቀለሃው ዓይነት ሲለወጥም ተመልሶ ከታች ይጀምራል። «የእኔ ጠመንጃ ከመጽሐፉ በላይ ይችላል» የሚል ሰው ሲያጋጥምዎ የተኮሳቸውን ፕራይመሮች ይመልከቱ። ጠርዛቸው ተጠፍጥፎ እንደ ሳንቲም ተደልድሏል? ግርጌው ላይ የማቀባበያው የሚያብለጨልጭ አሻራ አለ? ማቀባበያውስ ሲነሳ ይከብዳል? እነዚህ ግፊቱ ከልክ ማለፉን ይናገራሉ። አለመታየታቸው ግን ደህንነትን አያረጋግጥም፤ ብዙ ጊዜ የሚታዩት ልኩ ካለፈ በኋላ ነውና። በከፍተኛው ልክ መኩራራት የሙያው መጥፎ ልማድ ነው። ጥሩ ጥይት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከጣሪያው ዝቅ ብሎ ነው።

የተሞላውን ጥይት መስታወት ላይ አንከባለው የጫፉን አሄድ ይመልከቱ። ጫፉ እየተወዛወዘ ከሄደ አረሩ ጠሞ ገብቷል። ሳጥኑ ውስጥ ሲደረደሩም የሁሉም ከፍታ አንድ መሆኑን ከጎን ዝቅ ብለው ያዩታል። ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

አሁን የኢላማ ወረቀቱን መልሰው ያንሱት። ጥያቄው ስንት ጥይት ተተኩሶ ነው የሚል ነው። ሦስት ጥይት ምንም አያስረዳም። አሥር ጥይት ተኩሶ የሚያሳይዎ ሰው ግን እውነቱን ነው ያወጣው፤ ወረቀቱ ያን ያህል ባያምርም ክብር ይገባዋል። ተኳሾች «አንድ ኤምኦኤ» የሚሉት በመቶ ሜትር 2.9 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ነው። አሥር ጥይት በዚያ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚያሳርፍ ሰው ግሩም ሠርቷል። አጋዘን ለማደን ግን የዚያ እጥፍም ቢሆን በተለመደው የአደን ርቀት ያደርሳል፤ አዳኙ እንስሳውን ሳያሠቃይ የሚጥልበት ቦታ ከዚያ ይሰፋል። የፍጥነት መለኪያ ያለው ከሆነ አማካዩን ብቻ ሳይሆን በፈጣኑና በዘገምተኛው ጥይት መካከል ያለውን ልዩነት ይጠይቁት። ያ ልዩነት ጠባብ ሲሆን ባሩዱም፣ አንገቱም፣ ፕራይመሯም በአንድ እጅ እንደተሠሩ ያሳያል።

ሊጀምር ላሰበ ሰው የምሰጠው ምክር አጭር ነው። ፕሬሱን ከመግዛትዎ በፊት መመሪያ መጽሐፉን ገዝተው የመጀመሪያ ምዕራፎቹን ያንብቡ። በአንድ ምት አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ፕሬስ ይያዙ፤ በሰዓት መቶዎች የሚያወጣው ማሽን ለቆዩበት ሰዎች ነው። በአንድ ዓይነት ጥይት፣ በአንድ ባሩድና በአንድ አረር ይጀምሩ። ሲሠሩ ስልክ አያንሱ፣ ቴሌቪዥን አይክፈቱ። የተተኮሰ ፕራይመር ብናኝ እርሳስ አለበት፤ እጅዎን በደንብ ሳይታጠቡ እንጀራ አይቁረሱ፣ የቀለሃ ማብረቂያ ማሽኑን አቧራም ልጆች ከሚጫወቱበት ያርቁት።

ጥይት ማክበር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ትሬዛ ብር ጎን በገበያችን እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ዛሬ ግን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በኢትዮጵያ መሣሪያንም ጥይትንም በፈቃድ ሥር አድርጓል፤ አሜሪካ የተማሩትን አገር ቤት ወስጄ እሠራበታለሁ ብለው አያስቡ። ባሩድና ፕራይመር ደግሞ በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫን ሻንጣ አውሮፕላን ላይ ክልክል ናቸው።

በመጨረሻ የሳጥኑን ክዳን ያንብቡ። የባሩዱ ስምና ልክ፣ የአረሩ ዓይነትና ክብደት፣ ፕራይመሯ፣ ቀለሃው የተተኮሰበት ዙር፣ የተሞላበት ቀንና የጠመንጃው ስም ተጽፎ መገኘት አለበት። ይህ ጽሑፍ የሌለበትን ጥይት ወዳጅም ቢሰጥዎ፣ ዘመድም ቢሰጥዎ፣ ጠመንጃዎን አያጉርሱት።